የድሮ የአሜሪካ ባንጆ ቅጂዎች፦ ከየትኛው ስብስብ ልጀምር?

የአሜሪካን ባህላዊ ሙዚቃ፣ በተለይም ባንጆ የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ፣ ከምንጩ መስማት የሚፈልግ ሰው ዛሬ የሚቸገረው በብዛቱ ነው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የድሮ ቅጂዎች ኦንላይን በነፃ ተቀምጠዋል። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ በሲዲና በዳውንሎድ ይሸጣሉ። የስብስቦቹ ስም ይመሳሰላል። አንዱ ተጫዋች ሦስት አራት ቦታ ይገኛል። ገብቶ የሚፈልግ ሰው ብዙም ሳይቆይ ግራ ይገባዋል።

ብዙ ሰው ስብስብ የሚመርጠው በድምፅ ጥራት ነው። ጥራቱ ይጠቅማል፤ ለእኔ ግን ዋናው እሱ አይደለም። ከመምረጣችሁ በፊት መቅጃውን የያዘው ማን እንደነበረና ለምን እንደቀዳ ጠይቁ። አንዱ ለገበያ የሚቀዳ ኩባንያ ነበር። ሌላው ለመንግሥት ቤተ መጻሕፍት የሚሰበስብ ተመራማሪ ነበር። ሌላው ደግሞ ራሱ መጫወት መማር ፈልጎ ሽማግሌዎች ቤት የሄደ ወጣት ነበር። ሦስቱም አንድ ሰው ፊት ቢቀመጡ እንኳ ይዘው የሚመለሱት የተለያየ ነገር ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጆሯችሁ ገና አዲስ ከሆነ

በ1952 ፎክዌይስ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ 84 ዘፈኖችን በስድስት ሸክላ አድርጎ አወጣ። ስሙ «አንቶሎጂ ኦፍ አሜሪካን ፎክ ሚዩዚክ» ነው። ያዘጋጀው ሃሪ ስሚዝ ያኔ የ29 ዓመት ወጣት ነበር። ስሚዝ አንዱንም ዘፈን ራሱ አልቀዳም። ሸክላ ሰብሳቢ ስለነበር ከራሱ ክምችት ነው የመረጠው። ሁሉም በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎች ለገበያ ያወጧቸው ሸክላዎች ናቸው።

ይህን ጊዜ የመረጠው በምክንያት ነው። በ1927 አካባቢ የኤሌክትሪክ አቀራረፅ ተስፋፍቶ ስለነበር ድምፁ ከቀድሞው በጣም ጠርቷል። በ1932 ደግሞ ታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ የሸክላውን ገበያ አቀዝቅዞታል። በመካከል ባሉት ጥቂት ዓመታት ኩባንያዎቹ ከተራራማው የአፓላቺያ አካባቢና ከደቡብ ያልተጠበቁ ድምፆችን ቀድተዋል።

ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ በር አላውቅም። ክላረንስ አሽሊ፣ ዶክ ቦግስ፣ ባስኮም ላማር ለንስፎርድ፣ ቡዌል ኬዚና አንክል ዴቭ ሜከን አንድ ላይ ይገኛሉ። አምስቱም ባንጆ ይዘዋል፣ የአምስቱም እጅ ግን ለየቅል ነው። አንዱ ክሩን በጥፍሩ ጀርባ ወደ ታች እየመታ አጭሩን አምስተኛ ክር በአውራ ጣቱ ይነካል፤ ይህ ስልት ክሎሃመር ይባላል። ሌላው በጣቶቹ ጫፍ ወደ ላይ ይለቅማል። ልዩነቱን በጽሑፍ ከማንበብ ይልቅ ሁለቱን አከታትሎ መስማት ይሻላል። ስሚዝ በቅደም ተከተሉ ላይ ብዙ ስለተጨነቀ፣ ይህ ማነጻጸር ሳይታወቃችሁ ነው የሚሆነው። ዘፋኞቹ ጥቁር ይሁኑ ነጭ በማስታወሻው ላይ አልጻፈም። ኩባንያዎቹ ለይተው ይሸጧቸው የነበሩትን ሰዎች እሱ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው። በዚያ ዘመን ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር።

ድክመት አለው። የዘመኑ ባለ አሥር ኢንች ሸክላ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ረጅሙ ተረክ ተቆርጧል፣ የጭፈራው ዜማም ገና ሲሞቅ ያልቃል። ዘፈኖቹን የመረጡትም በመጀመሪያ ነጋዴዎች፣ ቀጥሎ አንድ ሰው ናቸው። ስሚዝሶኒያን የተባለው የአሜሪካ የሙዚየሞች ተቋም በ1997 በስድስት ሲዲ እንደገና ያወጣው እትም ገንዘብ ያስወጣል፤ ከሰፊ ማስታወሻ ጋር ስለሚመጣ ግን አይቆጭም።

ከዚህ ጋር የሚወዳደረው የብሪስቶል ቅጂዎች ስብስብ ነው። የቪክቶር ኩባንያው ራልፍ ፒር በ1927 ክረምት በቴነሲና በቨርጂኒያ ድንበር ላይ ባለችው ብሪስቶል ከተማ ተቀምጦ፣ በሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ከ19 ተጫዋቾችና ቡድኖች 76 ቅጂ ሠራ። በኋላ የካንትሪ ሙዚቃ ኮከቦች የሆኑት ካርተር ፋሚሊና ጂሚ ሮጀርስ የተገኙት እዚያ ነው። የስሚዝ ስብስብ ብዙ አካባቢ ያዳርሳል። የብሪስቶሉ አንድ ቦታና አንድ ወቅትን በሙሉ ይሰጣል፤ ደካማውንም ጎበዙንም። ባንጆ ለሚፈልግ ሰው ከብሪስቶል ቢ ኤፍ ሸልተን ብቻውን ይበቃል። ከኬንታኪ መጥቶ በባንጆ ብቻ አራት ዘፈን ቀድቷል። አራቱም ጠንካራ ናቸው። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ግዛ ብባል የስሚዝን እገዛለሁ።

ከ1925 በፊት የነበረውን ባንጆ የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የሆነው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2011 የከፈተው «ናሽናል ጁክቦክስ» የቪክቶር ኩባንያን የጥንት ሸክላዎች በነፃ ያሰማል። በሳንታ ባርባራ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከሸክላ በፊት የነበሩትን የሰም ሲሊንደሮች አስቀምጧል። እዚያ የምታገኟቸው ቬስ ኦስማንና ፍሬድ ቫን ኤፕስ የመድረክ ባለሙያዎች ናቸው። የሚጫወቱት ራግታይምና ማርሽ ነው። የባንጆ ድምፅ ኃይለኛ ስለነበር በዚያ ዘመን ቀንድ መሳይ መቅጃ እንኳ በደንብ ይያዝ ነበር። የገጠሩን ሙዚቃ ግን እዚህ አትፈልጉ።

በነፃና በጥልቀት፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት

ቤተ መጻሕፍቱ የህዝብ ዘፈን ማኅደሩን የከፈተው በ1928 ነው። የመጀመሪያው ኃላፊ ሮበርት ዊንስሎ ጎርደን ነበር። ስሙ የገነነው ግን በ1933 ጆን ሎማክስና የ18 ዓመት ልጁ አላን ሥራውን ከጀመሩ በኋላ ነው። ከ140 ኪሎ በላይ የሚመዝን መቅጃ በፎርድ መኪና ጭነው ደቡቡን አካለሉ። እስር ቤት ገቡ፣ እርሻ ገቡ፣ ቤተ ክርስቲያን ገቡ። በኋላ ዝነኛ የሆነውን ዘፋኝ ሌድ ቤሊን በዚያው ዓመት ያገኙት ሉዊዚያና ውስጥ፣ አንጎላ እስር ቤት ነው።

ከሸክላ ኩባንያዎቹ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ይህ ነው። ኩባንያው የሚሸጥለትን ይመርጣል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን መሸጥ አላሰበም። ስለዚህ ስቱዲዮ ደጅ ደርሰው የማያውቁ ሰዎችን እዚህ ታገኛላችሁ። ሴቶች በብዛት አሉ፣ ሕፃናት አሉ፣ የሥራ ዘፈን አለ። በዘፈን መካከል የሚደረግ ወሬም አልተቆረጠም። በአብዛኛው የተጫዋቹ ስም፣ ቦታውና ቀኑ ተመዝግቧል።

ፒት ስቲል ጥሩ ምሳሌ ነው። የኬንታኪ ሰው ሲሆን ለሥራ ወደ ሃሚልተን፣ ኦሃዮ ሄዷል። አላን ሎማክስ በ1938 እዚያ አግኝቶ ቀዳው። ጣቶቹ እጅግ ፈጣንና ንፁህ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ብዙ የባንጆ ተጫዋቾች እሱን ለመምሰል ሲታገሉ ኖረዋል። ያ ጉዞ ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ እጅ መኖሩን ማን ያውቅ ነበር?

ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛው ድምፁ ነው። ዲስኮቹ ተቧጭረዋል፤ አንዳንዱ ዜማ መሐል ላይ ይቋረጣል፤ አንዳንዱ ተሳስቶ እንደገና ይጀመራል። ሁለተኛው ፍለጋው ነው። ዋናው የፍለጋ ሳጥን ውስጥ «ባንጆ» ብላችሁ ብትጽፉ ፎቶውም፣ የኖታ ወረቀቱም፣ ጋዜጣውም ተደባልቆ ይመጣባችኋል። መፍትሔው ስብስቡን በስሙ ፈልጎ መግባት ነው። ለጀማሪ ሁለት ልጠቁም። አንዱ ጆን ሎማክስና ሚስቱ ሩቢ በ1939 ደቡቡን ያዳረሱበት ጉዞ ነው። ሌላው አላን ጃቡር በ1966 እና በ1967 ከቨርጂኒያው ሽማግሌ ከሄንሪ ሪድ የቀዳው ነው። 184 ቅጂ አለው። አብዛኛው ፊድል (የገጠር ቫዮሊን) ነው፣ ባንጆም አለበት። ከየዜማው ጋር የተቀመጠው ማስታወሻ ዜማው ከየት እንደመጣና በማን እጅ እንዳለፈ ስለሚያብራራ፣ ለእኔ በነፃ ከሚገኙት ሁሉ በአያያዙ የተዋጣለት እሱ ነው። የኬንታኪው የሎማክስ ቅጂ ደግሞ ራሱን የቻለ ዌብሳይት አለው። በካውንቲና በተጫዋች ስም መፈለግ ይቻላል።

ያው ሎማክስ፣ ከ20 ዓመት በኋላ

አላን ሎማክስ በ1940ዎቹ ቤተ መጻሕፍቱን ለቀቀ። በ1959 ወደ ደቡቡ ሲመለስ የያዘው ከባዱን የዲስክ መቅጃ ሳይሆን ስቴሪዮ ቴፕ ነበር። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ሸርሊ ኮሊንስ አብራው ነበረች። የብሉዝ ተጫዋቹ ሚሲሲፒ ፍሬድ ማክዳውል ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀዳው በዚህ ጉዞ ነው። ባንጆ ለሚፈልጉ ደግሞ ከቨርጂኒያ ሆባርት ስሚዝና ዌድ ዋርድ አሉ።

እነዚህ ቅጂዎች ኒውዮርክ ባለው የሎማክስ ድርጅት የዲጂታል ማኅደር ውስጥ በነፃ ይሰማሉ። ከቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ይልቅ ፍለጋው ቀላል ነው። በቦታ፣ በቀንና በሰው ስም ተደርድሯል። ድምፁም ጥርት ያለ ነው። የቴፑ ጥቅም ጥራቱ ብቻ አይደለም። ቴፕ እንደ ሸክላ በሦስት ደቂቃ ስለማያልቅ ተጫዋቹ ዜማውን ጨርሶ ስለ አባቱ፣ ስለ መሣሪያው፣ ስለ ጭፈራው ያወራል። ወሬውም ተቀድቷል።

ዌድ ዋርድን በሁለቱም ስብስብ ስሙት። ጆን ሎማክስ በ1937 ጌላክስ፣ ቨርጂኒያ ላይ ከቦግ ትሮተርስ ባንድ ጋር ቀድቶታል። ልጁ አላን በ1959 ሲቀዳው ሰውየው አርጅቷል። በመጀመሪያው የባንዱ ሞቅታ ይጎላል። በሁለተኛው የአንድ ሰው ቀኝ እጅ ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይሰማል። ለመማር ሁለተኛው ይበልጣል። ለስሜት እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

የሚሸጠው፣ ግን ዋጋውን የሚያወጣው

ሞዘስ አሽና ሜሪያን ዲስለር ፎክዌይስን የመሠረቱት በ1948 ነው። አሽ ከሞተ በኋላ፣ በ1987፣ ስሚዝሶኒያን ሙሉ ክምችቱን ወሰደ። ከ2,100 በላይ አልበም ነበር። አንድ ቃል ተገባ፦ የትኛውም አልበም፣ ገዢው አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ከገበያ አይወጣም። ዛሬም ይህ ቃል ተጠብቋል። የእኛም ሙዚቃ የዚህ ክምችት አካል ነው፤ ሃሮልድ ኩርላንደር ያሰባሰበውን የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ አልበም እዚያው ታገኙታላችሁ።

አልበሞቹ ይሸጣሉ፣ በስትሪሚንግ አፖችም ብዙዎቹ አሉ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህን ነው፦ ከየአልበሙ ጋር የታተመው የማስታወሻ ቡክሌት ከስሚዝሶኒያን ገጽ ላይ በፒዲኤፍ በነፃ ይወርዳል። በአፕ እየሰማችሁ ቡክሌቱን ከጎን ክፈቱት። አፕ ላይ የማይገኘው መረጃ፣ ማን እንደቀዳው፣ የት እንደሆነ፣ ግጥሙ፣ አንዳንዴም የባንጆው ቅኝት፣ እዚያ ላይ አለ።

የዶክ ቦግስን ነገር ጠለቅ ብዬ ላንሳው። የኖርተን፣ ቨርጂኒያ ሰው ነው። የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። አጨዋወቱን በከፊል ከጥቁር ባንጆ ተጫዋቾች ሰምቶ ነው ያበጀው። በ1927 ኒውዮርክ ሄዶ ለብረንስዊክ ኩባንያ ስምንት ዘፈን ቀዳ። በ1929 ለሌላ ትንሽ ኩባንያ አራት ጨመረ። ከዚያ ቀውሱ መጣ፣ ባንጆውን አስቀመጠ፣ ማዕድኑ ውስጥ ኖረ። በ1963 ሙዚቀኛና ሰብሳቢው ማይክ ሲገር ኖርተን ድረስ ሄዶ አገኘው። ያኔ ጡረታ የወጣው ቦግስ እንደገና መጫወት ጀምሮ ነበር። ፎክዌይስ ከዚያ ጀምሮ እስከ 1968 የተቀዳውን አወጣ። ቃለ ምልልሱን እንኳ ራሱን ችሎ በአልበም አትሞታል።

የ1927ቱ ቦግስ የ29 ዓመት ሰው ነው። ድምፁ ስል ነው፣ ጥድፊያም አለው። የ1963ቱ ሽማግሌ ነው። ጉሮሮው ሻክሯል፣ እጁ ግን አልተለወጠም። ሸክላው ላይ ያልነበረ ብዙ ዘፈንም አለው። ብዙ ሰብሳቢዎች የመጀመሪያው ይበልጣል ይላሉ። እኔ አልስማማም። በ1927 ኩባንያው የፈለገውን ዘፈነ፤ በ1963 ግን የሚያውቀውን ሁሉ ዘፈነ። አንዱን መምረጥ ካለባችሁ የፎክዌይሱን ምረጡ።

ከዚያው ክምችት ሮስኮ ሆልኮምን አትለፉት። ጆን ኮኸን በ1959 ዴይዚ፣ ኬንታኪ ውስጥ ነው ያገኘው። የሚዘፍነው በከፍተኛ ድምፅ፣ ጅማቱን ወጥሮ ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ይከብዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ ዕድል ስጡት።

በሸክላ ላይ የሌሉት

ባንጆ ከአፍሪካ የመጣ መሣሪያ ነው። በባርነት የተጋዙ ሰዎች በካሪቢያንና በአሜሪካ ከቅልና ከቆዳ ሠርተውታል። በጋምቢያና በሴኔጋል የጆላ ሕዝብ የሚጫወተው አኮንቲንግ የቅርብ ዘመዱ ነው። አጭሩ የአውራ ጣት ክር እንኳ እዚያ አለ። ታዲያ በ1920ዎቹ ሸክላዎች ላይ ጥቁር ባንጆ ተጫዋች ለምን እንዲህ አነሰ?

ምክንያቱ የኩባንያዎቹ አከፋፈል ነው። ካታሎጋቸውን ለሁለት ከፈሉት። ለጥቁር ገዢዎች ብሉዝና መንፈሳዊ መዝሙር፣ ለነጭ ገዢዎች የገጠር ፊድልና ባንጆ። ፊድልና ባንጆ የሚጫወቱ ጥቁር ባንዶች በየአካባቢው ሞልተው ሳለ ከሁለቱም ሳጥን ውጭ ቀሩ። በ1927 «ባንጆ ጆ» በሚል ስም የቀዳው ገስ ካነን ከጥቂቶቹ አንዱ ነው። ስለዚህ የንግድ ሸክላዎችን ብቻ የሰማ ሰው ባንጆ የነጮች መሣሪያ ይመስለዋል። ይህ ስህተት ለብዙ ዓመት ኖሯል፣ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም።

ለዚህ ነው የሜዳ ቅጂዎቹ፣ ማለትም ከስቱዲዮ ውጭ ተጫዋቾቹ ባሉበት የተቀዱት፣ የሚያስፈልጉት። ቴነሲ ውስጥ በ1940ዎቹ የተቀዱት ናታን ፍሬዚየርና ፍራንክ ፓተርሰን፣ እንዲሁም መርፊ ግሪብል ከጓደኞቹ ከጆን ለስክና ከአልበርት ዮርክ ጋር፣ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አሉ። የግሪብል ባንጆ ከፊድሉ ጋር የሚተሳሰርበት መንገድ ሌላ ቦታ ሰምቼው የማላውቀው ነው። በሎማክስ ማኅደር ደግሞ ዓይነ ስውሩ ሲድ ሄምፒልና ባንጆ ተጫዋቹ ሉሺየስ ስሚዝ ከሚሲሲፒ አሉ። ስሚዝሶኒያን ፎክዌይስ በ1998 የሰሜን ካሮላይናና የቨርጂኒያ ጥቁር ባንጆ ተጫዋቾችን በአንድ አልበም ሰብስቧል። ዲንክ ሮበርትስ፣ ጆን ስናይፕስ፣ ኦደል ቶምፕሰን እዚያ ናቸው። የኦደል ዘመድ ፊድለኛው ጆ ቶምፕሰን በ2005 ለተመሠረተው ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ባንድ አስተማሪ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ ምርጫ ውስጥ አንድ አልበም ብቻ የምትገዙ ከሆነ፣ የስሚዝን አንቶሎጂ እንኳ ትቼ ይህን አስቀድሙ እላለሁ። አንቶሎጂውን ከሌላ ቦታም ልትሰሙት ትችላላችሁ።

መጫወት ለሚማር

ባንጆ ገዝታችሁ ከሆነ ምርጫው ይቀየራል። የሚያስፈልጋችሁ ቅኝቱ የተጻፈበት ቅጂ ነው። የክራር ተጫዋች ከትዝታ ወደ አምባሰል ሲሄድ እንደሚቃኘው ሁሉ፣ የድሮ ባንጆ ተጫዋችም ለየዜማው ክሩን ይቀይራል። ቅኝቱን ካላወቃችሁ ዜማው በፍጹም አይመጣላችሁም። «ስሊፐሪ ሂል» የተባለው ነፃ ዌብሳይት በሺህ የሚቆጠሩ የፊድልና የባንጆ ዜማዎችን ከቁልፋቸውና ከቅኝታቸው ጋር አስቀምጧል። «ፊልድ ሪኮርደርስ ኮሌክቲቭ» ደግሞ አድናቂዎች በየቤቱ የቀዷቸውን ቴፖች ያሳትማል። ቶሚ ጃረልና ፍሬድ ኮከርሃምን ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሲጫወቱ እዚያ ትሰሟቸዋላችሁ።

ከድሮ ሸክላ ስትማሩ ፍጥነቱን አትመኑ። ሸክላው በደቂቃ 78 ጊዜ ይዞራል ቢባልም ብዙዎቹ የተቀዱት በትንሹ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ነው። ባንጆአችሁ ከቅጂው ጋር ግማሽ ድምፅ ከተለያየ ጥፋቱ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ፍጥነት የሚያስተካክል ነፃ አፕ ይበቃል።

ቅጂውን ለቪዲዮ ወይም ለሌላ ሥራ ከፈለጋችሁት

በነፃ መስማትና በነፃ መጠቀም ይለያያሉ። በ2018 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት የታተሙ ቅጂዎች ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ናቸው። ከ1923 እስከ 1946 የታተሙት 100 ዓመት ይጠብቃሉ። የ1927 ሸክላ በ2028 መጀመሪያ ነፃ ይሆናል ማለት ነው። ፈጽሞ ያልታተሙ የሜዳ ቅጂዎች ግን እስከ 2067 ድረስ ሊጠበቁ ይችላሉ። ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ገጽ ላይ የምታወርዱት ቅጂ ከዚህኛው ወገን ሊሆን ስለሚችል፣ ገጹ ላይ ያለውን የመብት ማስታወሻ አንብቡ።

ዋሽንግተን ዲሲ ወይም አካባቢው የምትኖሩ ደግሞ ኦንላይን ያልወጣውንም መስማት ትችላላችሁ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የአንባቢ ካርድ ነፃ ነው፤ 16 ዓመት የሞላው ሁሉ ያወጣል። የአሜሪካ ፎክላይፍ ማዕከል ሠራተኞችን አስቀድማችሁ በኢሜይል አግኙና የምትፈልጉትን ቅጂ ቁጥር ላኩላቸው። የቤተ መጻሕፍቱ የድምፅ ክምችት የሚቀመጠው ከልፔፐር፣ ቨርጂኒያ ባለው ግቢ ስለሆነ ሳትነግሯቸው ብትሄዱ የፈለጋችሁት በዚያው ቀን ላይቀርብ ይችላል።